በመሐላ የሚገኝ አገር ያስተማሩት መምህር ኃይለልዑል አምባዬ

መምህር ኃይለልዑል ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ አምባዬ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋርጋ ደስታ በ1945 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሥራ ተዛውረው ባሌ የገቡ ሰው ነበሩ።

በጎባ ሲማሩ እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው አንድ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ፣ “የእኛ አገር በደም አይወረስም፤ የማለ ሁሉ አሜሪካዊ ነው” ይሏቸው ነበር። ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን እንደ ጸሎት ደገሙት።

በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በገሰራ፣ ቀጥሎም በሮቤ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት አስተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናልበሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሠርከአዲስንና ብሩክን አፍርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ዲቪ ለደረሳቸው ወጣቶች እንግሊዝኛ በነፃ ያስተምሩ ነበር።

ሠርከአዲስም በዲቪ አሜሪካ ሄዳ፣ በ2015 ዓ.ም. ዜግነት ስትቀበል አባቷን ጠራቻቸው። ከየአገሩ የመጣው ሰው እጁን አንሥቶ ሲምል አይተው አለቀሱ። በሳምንቱ ግን ገበያ ወጥተው ከልጃቸው ጋር በአማርኛ ሲነጋገሩ አንድ ሰው ቀረበና፣ “እዚህ የሚወራው እንግሊዝኛ ነው፤ ካልሆነ አገራችሁ ግቡ” አላቸው። መምህር በጠራ እንግሊዝኛ፣ “እሷ ባለፈው ዓርብ ምላለች። እርስዎስ መቼ ማሉ?” ሲሉ ጠየቁት። ሰውየው፣ “እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት” ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ሠርከአዲስ አባቴ ረታ ብላ ደስ ሲላት፣ እሳቸው ግን ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ሮቤ እንደተመለሱ በቀጥታ ያመሩት ወደ አቶ ሳላሀዲን ሱቅ ነበር። አቶ ሳላሀዲን በ1967 ዓ.ም. በገሰራ የአራተኛ ክፍል ተማሪያቸው ሳሉ ጥያቄ በኦሮምኛ ስለመለሱ፣ መምህር ከክፍል አስወጥተው ዝናብ ላይ አቁመዋቸው ነበር። ልጁም ዳግመኛ ትምህርት ቤት አልረገጠም።

“ያ ሰውዬ በእኔ ድምፅ ነው የተናገረው” አሉ መምህር፣ የሱቁ በር ላይ እንደቆሙ አሜሪካ ገበያ ላይ የገጠማቸውን ከተረኩላቸው በኋላ። “በተወለድክበት አገር እንግዳ አደረግሁህ። ይቅር በለኝ።”

አቶ ሳላሀዲን ወንበር ሳቡና፣ “ረሳሁት ብል አላህ ይታዘበኛል። አልረሳሁትም፣ መምህር። ግን አይቁሙ፣ ይቀመጡ” አሏቸው። ይቅር ብያለሁ አላሉም። መምህር ግን ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ እዚያ ሱቅ እየሄዱ ከአቶ ሳላሀዲን የልጅ ልጅ ከዩስራ የኦሮምኛ ንባብና ጽሕፈት ተማሩ። የዲቪ ተማሪዎቻቸው፣ “እውነት ይቀበሉናል?” ሲሏቸውም፣ “ሕጉ ይቀበላችኋል፤ የጎረቤታችሁን ነገር ግን አላውቅም” ይሉ ጀመር።

መምህር ኃይለልዑል ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አሜሪካ የተወለዱ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ሠርከአዲስ ዜጋ ብትሆንም የባለቤቷ የመኖሪያ ወረቀት ገና ስላላለቀ፣ እሷ በሌለችበት ተይዞ እንዳይባረርባት ቤቷን ትታ መምጣት ፈርታ ይህን ታሪክ አሁን በስልክ እየሰማች ታለቅሳለች።

አምላክ “ከየት መጣህ?” ሳይል ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።