በሁለት ድጋፍ መካከል የተበላው ባቄላ

ለክቡር የሐረጎ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት
ኮምቦልቻ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በደጃፍዎ ወረፋ ስጠብቅ ወራት አብረውኝ ያሳለፉት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች እንደምን ከርማችኋል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ባቄላው ነው፤ ስለ እርሱም በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች የ«ደርሷል» ማኅተም እንጂ መልስ ስላላገኙ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ዘንግተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። በደሴው ግቢ የዕፅዋት በሽታ አስተምራለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የውጭ ድርጅት ድጋፍ ስሠራ የቆየሁት ገበሬው ቆርምድ በሚለው የባቄላ በሽታ ላይ ነው። ቆርምድ ቅጠሉን ያሳብጠዋል፣ ያጨማድደዋል፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥርም ተክሉን ይጨርሰዋል። በኩታበር ደጋ ባቄላ የማይዘራ ቤት ያልነበረበትን ጊዜ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ አሁን የሚዘራው ተስፋ መቁረጥ ያልሆነለት ሰው ብቻ ነው።

መሬታቸውን የሰጡን ወይዘሮ ዙበይዳ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የኩታበር ገበሬ ናቸው። በሁለተኛው ክረምት ማሳው እንዳለ በበሽታው ሲያልቅ፣ ጥግ ላይ ስድስት እግር ባቄላ ለምልሞ መቆሙን ያዩት እርሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስልክ አስደውለው «ነይና እዪ፤ እኒህ እምቢ ብለዋል» አሉኝ። ከእነዚያ ስድስት እግሮች ዘር ወስደን፣ በየዓመቱ እየዘራን፣ የታመመውን እየነቀልን፣ የቆመውን እየመረጥን ሦስት አዝመራ ሄድን። የቀረን ሁለት አዝመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዘሩ ለገበሬው ይደርስ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ እኔ ልጆቼን ይዤ ሸሸሁ። ወይዘሮ ዙበይዳ ግን ከአውድማ የገባውን ዘር ቁጥር በጻፍንባቸው ትንንሽ ከረጢቶች እንዳለ በእንስራ አድርገው ከከብቶቻቸው ማደሪያ ሥር ቀበሩት። የራሳቸው ጎተራ ተራግፎ ልጆቻቸው ቆሎ አጥተው በሰነበቱበት ወር ያን እንስራ አልከፈቱትም። ስመለስ ቆፍረው አወጡልኝ፤ ከየከረጢቱ አንድም ፍሬ አልጎደለም ነበር። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳዘን ሳይሆን፣ ዘሩ ከዚህ በፊት ማን ዘንድ በአደራ ተቀምጦ እንደነበር በመዝገብ እንዲያዝ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ የመሸጋገሪያ የምርምር ድጋፍ የሚባለውን ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ 2016 ኮምቦልቻ አዳራሽ ተሰብስበን፣ የአንድ መምህር የውጭ ድጋፍ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ምርምሩ እንዳይቋረጥ ዩኒቨርሲቲው እንደሚደግፍ ሲያበሥሩን ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ። የእኔ ድጋፍ በመጋቢት ያልቃል፤ ያው ድርጅት ቃል የገባልኝ አዲሱ የሚጀምረው በተከታዩ ጥር ነው። በመካከል አንድ ክረምት አለ። ድጋፉ ለእኔ ተብሎ የተቆረጠ መስሎኝ በማግሥቱ አመለከትኩ።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ስላሳየው ጥልቅ አስተሳሰብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ፣ አዲሱ ድጋፍ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ካላመጣሁ ወዴት እንደምሸጋገር ስለማይታወቅ ሊረዳኝ እንደማይችል ነገረኝ። ደብዳቤውን ከውጭ አስመጥቼ ሳቀርብ ደግሞ፣ ድጋፍ ማግኘቴ ስለተረጋገጠ ከእኔ የባሰ ችግረኛ እንዲቀድመኝ ወሰነ። በውሳኔው ላይ ቅሬታ አቀረብኩ፤ ቅሬታው የሚፈረመው ኮምቦልቻ፣ ማኅተሙ ያለው ደሴ ስለነበር የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደወረድኩ የሚያውቁት የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው። ፈራሚው ሲገኙ ማኅተም ያዡ ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ማኅተም ያዡ ሲመለሱ ፈራሚው ተወካይ ሳይተዉ ሄዱ።

በዚህ መካከል ስለሺ ከሥራ ወጣ። ስለሺ የማሳ ቴክኒሻናችን ነበር፤ ቅጠሉን በጣቱ ዳብሶ፣ እኔ በአጉሊ መነጽር ከማየቴ በፊት፣ «ይሄ ታሟል» የሚል ሰው ነው። ውሉ ከውጭ ድጋፉ ጋር የታሰረ ስለነበር በመጋቢት 30 አለቀ። ዛሬ ሆጤ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያገኘኝ ሒሳብ አልቀበልም ይለኛል፣ እኔም በዚህ ምክንያት ሆጤ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና ከማቅረቤ በፊት የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከመጨረሻው አዝመራ በኋላ ዘሩን በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጋዘን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዙበይዳ ጥቂት ዘር እቤታቸው እንዲቀር ለምነውኝ ነበር። እኔ ግን ነቀዝ ይበላዋል፣ ከሌላ ባቄላ ይደባለቃል፣ የመንግሥት መጋዘን ይሻላል አልኳቸው። እርሳቸውም «አንቺ የተማርሽው ታውቂያለሽ» ብለው አርባ አንዱን ከረጢት አንድ በአንድ አቀበሉኝ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ከሚወቀሱት የመጀመሪያዋ እኔ እንደሆንኩ ይያዝልኝ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ሲገባ ገንዘቡን ተውኩት። ወይዘሮ ዙበይዳ ያለ ኪራይ አርሰው ሊዘሩ፣ ስለሺ እሑድ እሑድ ያለ ክፍያ ሊመጣ፣ እኔም የመኪናውን ወጪ ከደመወዜ ልችል ተስማማን። ከክቡርነትዎ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የፕሮጀክቱ ቁጥር እስከ ጥር እንዳይዘጋ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከተዘጋ መጋዘኑ ዘሩን አያወጣልኝም። ያ ማመልከቻ እንደ ደረሰ የሚገልጸው ማኅተም በጣም ጥርት ብሎ የተመታ ነው።

ሰኔ 5 ቀን፣ ዝናቡ ጥሎ ማሳው ታርሶ ሲጠብቅ፣ ምናልባት ሰው ይራራልኝ ይሆናል ብዬ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። የመጋዘን ኃላፊው ሀፊዝ ጨዋ ሰው ነው፤ ስገባ ወንበር ሰጠኝ፣ መዝገቡንም ፊቴን ሳያይ ገለጠው። የተዘጉ ፕሮጀክቶች ንብረት እንዲወገድ በወረደው ትእዛዝ መሠረት ግንቦት 21 ቀን «ባቄላ» የተባለ ዕቃ ለተማሪዎች ምግብ ቤት ወጪ ሆኗል። ሀፊዝ «ዶክተር፣ ወላሂ ዘር መሆኑን አላጣሁትም» አለኝ። «ግን ቁጥሩ ተዘግቷል ተባልኩ፤ ወረቀቱ የሚለው ደግሞ ባቄላ ነው። ምን ብዬ ልከልክል?» መዝገቡን ራሴ ዘጋሁለት። ባቄላ ነበርና።

ወደ ምግብ ቤቱ የሄድኩት ሮጬ ነው፤ በዕድሜዬና በማዕረጌ የማያምር ሩጫ ነበር። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ኩኩ የጎደለ ነገር ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸው ደነገጡ። ስነግራቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው አጠገቤ ተቀመጡ። «ክክ አድርገን ወጥ ሠራንበት» አሉኝ። «ጥሩ ባቄላ ነበር እኮ፤ ቶሎ ነው የሚበስለው።» ከዚያ ተነሥተው ከረጢቶቹን አመጡልኝ፤ አርባ አንዱንም አጥበው፣ አስጥተው፣ አጥፈው አስቀምጠዋቸው ነበር። በላያቸው የጻፍነው ቁጥር በእጥበቱ ለቅቋል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ በአምስት ዓመት ጥናታችን ዘሩ በሽታን መቋቋሙን እንጂ አበሳሰሉን ሳንመረምር ቀርተን ነበር። ይህን ክፍተት ዩኒቨርሲቲው በራሱ ወጪ ስለሞላልን ባለውለታው ነኝ።

አራተኛ፣ ሰኔ 24 ቀን የመሸጋገሪያ ድጋፉ መጽደቁን ከ«እንኳን ደስ ያለዎት» ጋር ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ሙሉው ገንዘብ እስከ ሰኔ 30 በጨረታ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ካልዋለ ተመላሽ እንዲሆን የሚለውንም አንብቤያለሁ። ጨረታ አሥራ አምስት ቀን በአየር ላይ እንደሚቆይ ለክቡርነትዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። ለውጩ ድርጅትም ዘሩ እንደሌለ እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ማዘናቸውንና አዲሱን ድጋፍ ለሌላ አገር መስጠታቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳወቁኝ። ክቡርነትዎ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ማግኘት ለካ እንዲህ ያማል።

ኩታበር ሄጄ ለወይዘሮ ዙበይዳ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። በታረሰው ማሳ ዳር ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ማን እንደበላው ጠየቁኝ። ተማሪዎች አልኳቸው። «የሰው ልጆች ናቸው፤ ርቧቸው ነው የበሉት፤ ሐላል ይሁንላቸው» አሉ። እኔ ማልቀስ ስጀምር «አብሽሪ፣ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ዘንድሮ ስሄድ ማሳው ላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል፤ ባሕር ዛፍ በገባበት መሬት ባቄላ ለብዙ ዓመት እንደማይበቅል እኔም እርሳቸውም እናውቃለን።

ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ካነበቡ ምን እንደምጠይቅ ይጠብቁ ይሆናል። የምጠይቀው የለም። ያ ዘር ከስድስት እግር የመጣ ነው፤ ስድስቱ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም፣ ተመልሰው እንዲመጡ የሚያዝ ኮሚቴም የለም። መስከረም ሲጠባ እንደወትሮው ስለ ቆርምድ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ መድኃኒቱ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ በጥናት ላይ ነው እላቸዋለሁ።

መዝገብ ቤት ቁጥር እስከሰጠው ድረስ ጸንቶ የሚቆየውን ጥልቅ አክብሮቴን፣ ለጤናዎና ለዕድገትዎ ካለኝ መልካም ምኞት ጋር እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በሁለት ድጋፍ መካከል የምትገኘው
አትጠገብ ገብረ ማርያም (ዶ/ር)
ደሴ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለምርምር ሳምንት በኮምቦልቻ ዋናው በር ላይ «ምርምራችን ለገበሬው ደረሰ» በሚል ጽሑፍ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ እኔ ያነሣሁት ነው፤ ባበበ ባቄላ መካከል የቆሙት ሴት ወይዘሮ ዙበይዳ ናቸው። ለገበያ የወረደ ጎረቤታቸው አይቶ ነግሯቸው ትናንት ደወሉልኝ። «ባቄላችን ኮምቦልቻ በር ላይ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው ወይ?» አሉኝ። ሰሌዳው የክቡርነትዎ ስለሆነ መልሱንም ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ ስልካቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።