ሽቅብ ሲወጣ የሚታፈነው ሞተር

ጥቅምት 18

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ መካኒኳ አዘዘችኝ። ትእዛዙም ለሰባት ቀን የሞተሩን ጠባይ መዝግቦ ማቅረብ ነው። ለእርሷ የምሰጠው ወረቀት ሰዓቱን፣ መንገዱንና የታየውን ብቻ ይይዛል። የተረፈውስ የት ይግባ? እዚህ ይግባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የምትሠራበት ባለ አራት ጎማ ሞተር ቆሞ ሲነሣ ጤነኛ ነው። ጋዝ ሲሰጠውና ዳገት ሲይዝ ግን ይታፈናል፤ ያስላል፤ ከዚያ ቀጥ። ሦስት ጋራዥ ገብቶ ወጥቷል። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ አንዱ ካርቡሬተር አጠበ፣ ሦስተኛው የአየር ፊልትሮ ለወጠ። ሁሉም "አለቀ" አሉ። አላለቀም።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከዳገቱ በላይ ከአልጋ የማይነሡ ዘጠኝ ሕሙማን አሏት። ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። በሞተሩ የሚያመላልሳት ታናሽ ወንድሟ ነው። የጤና ጣቢያው ኀላፊ ትናንት ቁርጡን ነገራት፦ እስከ ሰኞ ኅዳር 11 ሞተሩ ከነነጂው ካልተገኘ የላይኛው መንደር ጉብኝት ይዘጋል። ሕሙማኑ በሰው ሸክም ይውረዱ ማለት ነው። አንዳንዶቹ አይወርዱም… ቢወርዱም አይደርሱም።

መካኒኳ እንግዲህ አራተኛዋ ናት። እጇን ከኪሷ ሳታወጣ፣ "አባባ፣ እኔ በወሬ ሞተር አልፈታም" አለችኝ። "ይጻፉልኝ። የመሰለዎትን አይደለም፤ ያዩትን።"

አርባ ዓመት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳርም ኖሬያለሁ። እንዲህ አጭርና የተሟላ መመሪያ የሰጠኝ አለቃ ግን አላስታውስም።

ጥቅምት 19

የባለቤቴ ወንድም ነዳ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰዉ የሚጠራው "ጥድፊያ" እያለ ነው። ቅጽል ስም አልወድም። ለእርሱ ግን የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

"ጋሼ፣ አጥብቀው ይያዙ!"

"ይዣለሁ።"

"የያዙት እኮ ብዕር ነው! እኔን ይያዙኝ!"

ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ እንደ ልቡ ሄደ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጋዝ ሲጨምርለት ድምፁ ወፈረ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ። ጥድፊያ ወርዶ ነዳጅ መኖሩን ለማየት የታንከሩን ክዳን ከፈተ። ነዳጅ ሞልቷል። ዘጋ፣ አስነሣ፣ ወጣን! ምን ዐይነት ተንኮል ነው?

ወረቀቱ ላይ "ክዳኑ ሲከፈት የፉጨት ድምፅ ተሰማ" ብዬ ጻፍኩ። ትርፍ ሐረግ መሰለኝ፤ ልሰርዘው ነበር። ያዩትን ብላለች… የሰማሁትስ? ተውኩት።

ጥቅምት 20

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ሄደ፤ ታፈነ፤ ክዳኑ ተከፈተ፤ ሄደ።

መካኒኳ በሰጠችኝ ወረቀት መጨረሻ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ችግሩ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት ሞተሩ ላይ ምን ተነካ?" መልሴ፦ ምንም። አጭርና ግልጽ።

ጥቅምት 22

ባለቤቴ በእግሯ ሄደች። "እየቆመ እየሄደ ቀኔን ከሚበላብኝ ጉልበቴ ይሻለኛል" ብላ ቦርሳዋን አንግታ በጠዋት ወጣች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰች። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራት ሴት! ጉልበቷን ለብ ባለ ውሃ ይዤላት ተቀመጥኩ።

"ስንቱን አየሽ?"

"አራቱን።"

"የቀሩትስ?"

"ነገ። ምን ይሆናሉ፣ ጥለውኝ ይሄዳሉ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ… ከሕሙማኑ አንዱ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ እግሩ ሽታ ጀምሯል። በሁለት ቀን አንዴ ካልታጠበ አይሆንም። እርሱ ደግሞ ይቀልዳል አሉ፦ "እኔን ተይኝና ሞተሩን አስታሚ፤ ከእኔ የባሰበት እርሱ ነው።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬያት ኖሬ፣ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ለካ የማውቀው ደክማ ስትመለስ ብቻ ነው።

ጥቅምት 24

ሰባተኛው ቀን። ወረቀቱን በንጽሕና ገለበጥኩ። ከግርጌው ግን፣ ሳልጠየቅ፣ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "አስተያየት፦ ነዳጁ ውሃ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።"

ጥድፊያ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነብ ኖሯል።

"ነዳጁን የምገዛው እኔ ነኝ።"

"ዐውቃለሁ።"

"እንግዲያው የቀላቀልኩትም እኔ ነኛ!"

"'ሊሆን ይችላል' ነው ያልኩት።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ 'ሊሆን ይችላል' እኮ ከሌላው ሰው 'ነው' ይብሳል!"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "ሌላ ነጂ ይፈልጉ" ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ራት ስንበላ ቁልፉ በመካከላችን ነበር። ማንም አላነሣውም።

ጥቅምት 27

ይህችን ቀን በቅደም ተከተል መጻፍ አለብኝ።

መካኒኳ ቤት ድረስ መጣች። መፍቻ አላወጣችም። ወረቀቴን ተቀብላ፣ የሞተሩ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበች። በሁለተኛው ንባብ "አስተያየት" ያልኩትን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። "ይኼን ዐይን አላየውም" አለች። ጆሮዬ ጋለ። ጣቷ ከዚያ ተነሥቶ ያችን ልሰርዛት የነበረችውን ሐረግ ነካ።

"አባባ፣ ይኼ ፉጨት ሁልጊዜ ነው?"

"ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር።"

"አየር ሲገባ ነው ሲወጣ?"

አላውቅም! ያን ሁሉ ቀን ሰምቼ ይህን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅሁም።

ክዳኑን አላልታ ባለቤቴን ከኋላ ጫነችና ዳገቱን ወጣች። አልታፈነም። ወርዳ ክዳኑን አጥብቃ ደግማ ወጣች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቀጥ። አንድ ነገር ብቻ ቀይራ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። ሦስቱ ጋራዦች ስንት ዕቃ ፈቱ?

"ነዳጅ ከታንከሩ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት" አለች። "አየር ካጣ ነዳጁ አልወርድም ይላል። ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ስለሚበቃው አይታወቅበትም። ጋዝ ሲሰጡት ነው ጥሙ የሚታወቀው።" ከክዳኑ የሚነሣውን ቀጭን ቱቦ በጣቶቿ እየዳበሰች፣ ማየት የተሳነው ሰው ጽሑፍ በጣቱ እንደሚያነብ፣ እስከ መሪው ሥር ሄደች። ከጫፉ ጥቁር የጎማ ውታፍ መዝዛ በመዳፏ ያዘችው።

"ማን ደፈነው?"

ዐወቅሁት። በመስከረም መጨረሻ ሞተሩን አጥቤ ስወለውል የዚያ ቱቦ አፍ ክፍት ሆኖ አየሁ። ክፍት ነገር አልወድም፤ አቧራ ይገባል። ከባለቤቴ ባዶ የመድኀኒት ብልቃጥ ላይ የጎማ ክዳን ወስጄ፣ በምላጭ ልክ አስገብቼ፣ ወተፍኩት። ሥራዬንም ወደድኩት፤ ረሳሁትም። ማጽዳትን እንደ መንካት አልቆጥረውማ! "ምንም" ብዬ የጻፍኩት በቅን ልቡና ነበር።

ነገር ግን ባለቤቴ፣ "ወንድሜ ይሆናል፤ ሲነካካው የሚውል እርሱ ነው" አለች።

ዝም አልኩ።

ሌላ ምን ልጻፍ? ዝም አልኩ።

ጥቅምት 28

ቁርስ ላይ ነገርኳት። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልመጣልኝም። "እኔ ነኝ የወተፍኩት" አልኩ።

"ዐውቃለሁ" አለች ዳቦዋን እየቆረሰች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ውታፉን ካየሁ ጀምሮ። የብልቃጥ ክዳን እንዲህ አስተካክሎ በምላጭ የሚከረክም ሌላ ሰው እዚህ ቤት አለ?"

"ታዲያ ለምን 'ወንድሜ' አልሽ?"

"ትናገር እንደሆነ ልይህ ብዬ።" ሻይዋን ጠጣች። "አንድ ቀን ወሰደብህ። እኔ ሦስት ቀን ይወስድብሃል ብዬ ጠብቄ ነበር።"

ከቁርስ በኋላ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኳ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣችና፣ "ራስዎ ያርሙት" ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። "ምንም" የሚለውን ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩበት፤ "አስተያየት" ያልኩትንም ሰረዝኩ። ቀና ስል አልሳቀችብኝም። "እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ካርቡሬተር ውስጥ ጨርቅ ረስቼ ገጥሜያለሁ" አለች። "የሰውዬው መኪና ለሁለት ወር ሲያስነጥስ ከረመ።" እንዲህ አድርጎ ሰውን ከኀፍረት ማውጣት የሚቻል መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

ኅዳር 1

ሞተሩ ዳገቱን እንደ ሜዳ ይወጣዋል። ትናንት መካኒኳ ራሷ ሥራዋን ዘግታ ባለቤቴን አደረሰቻት፤ የጠራቢው እግር ታጠበ። ግን እርሷ ጋራዥ አላት፤ በየቀኑ አትችልም። ኀላፊው፣ "ሞተሩን አየሁ፤ ነጂውስ?" አለ። ጥድፊያ ስልክ አያነሣም። አሸዋ የሚያመላልስ ሰው ሊቀጥረው ነው ይባላል።

ባለቤቴን አንቺ ለምኚው አልኳት።

"እኔ አላስወጣሁትም" አለች።

ኅዳር 3

ቤቱ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ ይህ ይሰመርበት።

በሩን ከፍቶ ቆመ። "ሐሙስ ዕለት ሌባ ብለውኝ ዛሬ ምን ፈልገው መጡ?"

"ሌባ አላልኩም። ዕለቱም ሐሙስ አልነበረም፤ ዐርብ ነው።"

አየኝ። "ጋሼ… ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተውም ያርሙኛል?"

በሩ ተዘጋ። ዐርብ መሆኑ እውነት ነው። ምን ይፈይዳል?

ኅዳር 4

ባለቤቴ ዛሬም በእግሯ ወጣች። ሳምንት ቀርቷል። ከጠዋት ጀምሮ ስጽፍና ስቀድ ቆይቼ ይህን አገኘሁ። ዛሬውኑ እልከዋለሁ፤ ግልባጩ እዚህ ይቀመጥ።

"ይድረስ ለወንድሜ፤

ቱቦውን የወተፍኩት እኔ ነኝ። ነዳጁ ንጹሕ ነበር፤ አንተም። ስሕተቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ሙሉ ስምህ ሲነሣ ዝም ብያለሁ። ይህ ከውታፉ የከፋ ነው፤ ስለ ሁለቱም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መካኒኳ ሞተሩን ያዳነችው በፉጨቱ ነው። ፉጨቱን የሰማነው አንተ በታፈነ ቁጥር ክዳኑን እየከፈትክ ስላየህ ነው። እኔ ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ። ከኋላህ ተቀምጬ ያየሁትንም ልጻፍልህ፦ ሞተሩ ሲጠፋ አልተሳደብክም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት አንድ እግርህን ድንጋይ ላይ ተክለህ፣ መጀመሪያ የጠየቅኸው 'ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?' ብለህ ነው። ይህን በወረቀቱ ላይ አልመዘገብኩትም። መመዝገብ ነበረበት።

ሰኞ የላይኛው መንደር ጉብኝት ሊዘጋ ነው። እኅትህ ለመሄድ ጉልበቷ እንደማይበቃት ታውቃለች፤ ግን ትሄዳለች። ሌላ ሥራ ይዘህ ከሆነ አልወቅስህም። ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም? ኀላፊው ዘንድ ቀርቤ ልናገር የምችለው እስከ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ፣ መልስህ ዐርብ ኅዳር 8 ይድረሰኝ። በጽሑፍ ይሁን። በቃል ከሆነ አቋርጥሃለሁ፤ ራሴን ዐውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን የምትለኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው ለማንበብ እገደዳለሁ። ፊደሉ እንደ መጣልህ ይሁን፤ አንዱንም አልነካም።"