ከዶርዜ የሚወርደው ቤት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አማቼ ከዶርዜ ወርደው እኛ ጋ አርባ ምንጭ እንዲኖሩ ብንለምናቸው እምቢ ብለዋል። ክረምቱን ብቻቸውን ታመው የደረሰላቸው ጎረቤት ነው። ዛሬ ሊጠይቁን ሲመጡ በዘዴ ልሞክር ብዬ ፊልም ከፈትኩላቸው። አንድ ቤተሰብ ሰው አገር ተሰዶ፣ ተንገላቶ፣ በኋላ ይደላደላል። ሽማግሌው እንኳ መጨረሻ ላይ በረዶ እየረገጠ ይስቃል።

ባለቤቴ አስቴር ገና የስደተኞቹ ሻንጣ ሲዘጋ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ግን ግራ ገባቸው።

«ቤታቸውን ምን አደረጉት?»

«ትተውት ሄዱ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ተሸካሚ ጠፍቶ?»

«ባሕር ማዶ እኮ ነው!»

«ጎረቤት የላቸውማ!»

የእሳቸውን የቀርከሃ ቤት ምስጥ ሥሩን በበላው ቁጥር መንደሩ ተሸክሞ አዛውሮላቸዋል።

ፊልሙ ሲያልቅ «በሉ እመጣለሁ» አሉ። አስቴር ዘላ አቀፈቻቸው።

«ቤቴንም ይዤ ነው። ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም።»

ወዲያው ወጥተው ግቢያችንን በእርምጃ ለኩ። ማንጎው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ትቆረጥ።»

ይህን የምጽፈው ሁሌም እንደምጽፈው ከማንጎው ሥር ተቀምጬ ነው። አስቴር መጥረቢያ ልትዋስ ጎረቤት ሄዳለች።