ግድቡ ላይ የነበረው ዛፍሽ

ይድረስ ለልጄ ለዩምና። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ የምትበይውን በረካ ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። አባትሽ ጉልበቱን እያመመውም ያቺን በእጁ ያበጃትን የአፈር ግድብ ሳያይ አይውልም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳታዝኚ። ስትሄጂ «ምትኬ ነው» ብለሽ ግድቡ ላይ የተከልሽው ባሕር ዛፍ ተነቀለ። ሥሩ አፈሩን ሰርስሮት ኖሮ በዚህ ክረምት ከግርጌው ውሃ መመንጨት ጀመረ። ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ «ይነቀል» ሲሉ ተቆጣሁ፤ የልጄ ምትክ አይነካም አልኳቸው። ሲመሽ ግን ከግድቡ በታች ያለችው ጎረቤታችን አስካለማርያም ትዝ አለችኝ። ቢደረመስ ቤቷን ነው ይዞ የሚሄደው። ጠዋት ዶማውን ራሴ አቀበልኳቸው።

ሰፈሩ ሁሉ ወጣልን። ውሃውን በጎን ቀደው አጎደሉት፣ ሥሩን ከነጉቶው አወጡት፤ ከቱሉ ዲምቱ ቀይ አፈር በጋሪ አስመጥተው ሞሉበትና ከብት እያመላለሱ አስረገጡት። አስካለማርያም በትልቅ ድስት ሽሮ ይዛ መጣች፤ ፍልሰታ ስለሆነ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የሚሆን ምግብ ነው፣ አንድ ላይ በላን። ከዚያ ወዲህ ስንት ዶፍ ወረደ፣ ከግድቡ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እነዚህን ጎረቤቶች በዱዓሽ አትርሺብኝ።

እዚያ ብርድ አለ ይላሉ፣ እግርሽን ሸፍኚ።

ሌላ ችግኝ በጣሳ እያሳደግኩልሽ ነው። አባትሽ ከግድቡ ርቆ፣ በራችን ላይ ጉድጓድ ቆፍሮለታል። እኔ ግን አልተክለውም። ፈቃድ ስታገኚ ብቅ በይና በእጅሽ ትከዪው፤ ጉድጓዱን እስክትመጪ አንደፍነውም። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ሀኪማ