ጽዋው ከቤቴ ሳለ

የካቲት 13

ትናንት ሚካኤልን ከአለበል ቤት ጠጣን። የመጋቢቱ ተራ የኔ ነውና ጽዋውን ይዤ መጣሁ። ሚስቴ የብርጓል ብትኖር ከደጅ ወጥታ እልል ብላ ነበር የምትቀበለው... እኔው በሩን ከፍቼ እኔው ገባሁ። ከራስጌዬ፣ በሷ ነጠላ ሸፍኜ አኖርሁት።

አለበል ቆሞ ሲያስተናግድ ዋለ። ከጥምቀት ወዲህ መጠጥ አፉ አልገባም፤ በንስሐ አባቱ በአባ ወልደ ጻድቅ መስቀል ተገዝቷል። ሀዲስ መቼ ይተወዋል!

"ጠላ ጠምቆ ውኃ የሚጠጣ ባለ ድግስ! የፀሐይወርቅን ጠላ ፈርተኸው ነው?"

"የፈራሁትስ ጠላውን አይደለም፤ እሷን ነው።"

ሚስቱ ከጓዳ ሆና "እሰይ፣ ይፍራ!" አለች። ሳቅን። ሐይቁ ላይ ጀልባ አብሮ የሚያሠራ፣ ጽዋ አብሮ የሚጠጣ ማኅበር... ደስ ይላል። ለዚህ ማኅበር ሊቀመንበርም፣ ጽዋውን የምመራ ሙሴም መሆኔ አንዳንዴ ይከብደኛል። ትናንት አልከበደኝም።

የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት። ልጻፈው።

ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሻገረው ሰው ዳርቻውን ሞልቶት ነበር። አለበል ምክትሌን አምሐን ሲለምነው ሰማሁ። "ሞተሩ ትናንትም መሐል ላይ ጠፍቶብኛል። ይታይልኝ፤ ዛሬ ባልወጣ..."

"ከበዓሉ በኋላ ይታያል። ሰው ቆሞ አይደል እንዴ? ካልሆነልህ ጀልባዋን ለሌላ እሰጣለሁ!"

አለበል ወደኔ ዞረ። "ተነጋገሩ እንጂ" ብዬ ወደ ሌላኛው ጀልባ ሄድሁ። ከአምሐ፣ ከሚስቴ ወንድም ጋር በሰው ፊት መጣላት ፈራሁ? ወይስ በዓሉ እንዳያመልጠን?

አለበል ሰው ጭኖ ወጣ። ሲመለሱ ንፋስ ተነሥቶ ነበር። ሞተሩ ጠፋ። ማዕበሉ ጎኗን መታት፣ ተገለበጠች። ታንኳ ቀዛፊዎች ደርሰው ተሳፋሪው ሁሉ ወጣ። አለበል እየጠለቀ ሰው ሲያወጣ ነበር አሉ። እሱ ግን የለም።

ተነጋገሩ እንጂ...

የካቲት 17

አገኙት። ቀበርነው።

የካቲት 20

ከሰዓት አምሐ፣ ሀዲስና ሌሎችም ቤቴ መጡ። ነገ ፖሊስ ዘንድ ቀርቤ ስለ አደጋው ቃሌን እሰጣለሁ። ለዚያ ነው የመጡት።

"አለበል ጠጥቶ ነበር እንበል" አለ አምሐ።

ማንም ቀና አላለም። ሀዲስ እንኳ መሬት መሬት ያያል።

"ድሮም ይጠጣ ነበር፤ የማያምን የለም። የሞተ አይታሰር አያ። የሞተሩ ነገር ከተነሣ ግን ጀልባዎቹ በሙሉ ይታገዳሉ። እኛ ልጆች አሉን።" ከዚያ ወደ ራስጌዬ አመለከተ። "ጽዋውን አውጣው። በፊቱ ቃላችንን አንድ እናድርግ።"

"ጽዋው ለዚህ አይደለም" አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

ሌሎቹ ሲወጡ አምሐ ቀረ። "እኅቴ ታማ ሳለ ማን ነበር የሚያነሣት?" እውነቱን ነው። እግሯ ሲከዳት አዝሎ ጠበል ያመላለሳት እሱ ነው። እኔ ከኋላ ከኋላ ነጠላዋን ይዤ እከተል ነበር። "ብትኖር ወንድሜን አሳልፈህ ስጥ ትልህ ነበር?"

ይህን ብሎኝ ሄደ። የብርጓል፣ ምን ትይኝ ነበር?

የካቲት 21

በጠዋት አባ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ሄድሁ። ምክር ልጠይቅ ነው ብያለሁ። ግን... ዝም በል እንዲሉኝ ነበር የሄድሁት። እግዚአብሔር ያውቃል።

ገና አፌን ሳልከፍት "ትናንት ፀሐይወርቅ መጥታ ነበር" አሉኝ። "ጠጥቶ ነው የሞተው የሚል ወሬ ደርሷታል። 'አባ፣ ግዝቱን አፍርሶ ነው እንዴ የሄደ? ነፍሱስ?' እያለች ከእግሬ ሥር ወደቀች። ምን ልበላት?"

"አልጠጣም አባ! በራሱ ድግስ እንኳ ውኃ ነበር የሚጠጣ..."

"ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሚጠይቁህ ተናገር።"

ሄድሁ። ለፖሊስ ተናገርሁ። አለበል ስለ ሞተሩ ያለውን፣ አምሐ የመለሰለትን። በመጨረሻም "ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ሰምቼ ተነጋገሩ እንጂ ብዬ አለፍሁ" አልሁ።

"ይህን እንኳ አልጠየቅሁዎትም አባባ" አለ መርማሪው።

"ጻፈው ልጄ።"

ስመለስ በፀሐይወርቅ ቤት በኩል ዞርሁ። ከለቀስተኛው መሐል ድምፄን ከፍ አድርጌ "አለበል አልጠጣም። እንደተገዘተ ነው የሞተ" አልሁ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የካቲት 25

አምሐን ወሰዱት። ጀልባዎቹ ሞተራቸው እስኪመረመር ታገዱ። እውነት ከተናገሩ ይቀላል ይላሉ... የቱ ጋ ነው የሚቀለው?

ዳርቻው ጸጥ ብሏል። ሰላም ብል የሚመልስልኝ የለም። ሀዲስ ብቻ ተናገረኝ።

"እግዜር ይስጥህ ሙሴ! ያኛው ባሕር ከፍሎ አሻገረ። አንተ ከዳር አስቀረኸን።"

ከሊቀመንበርነቱ አወረዱኝ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

መጋቢት 2

አምሐ በዋስ ወጣ። ቤቱ ሄድሁ። ሚስቱ "የለም" አለችኝ። ጫማው ከደጅ ነበር።

መጋቢት 11

ነገ ሚካኤል፣ ተራዬ ነው። ጎረቤቴ ርሆቦት ድፎውን ልትጋግርልኝ መጥታ "ለስንት ሰው ይሁን?" አለችኝ።

"እንደ ወትሮው።"

አየችኝና ዱቄቱን ማቡካት ጀመረች።

መጋቢት 12

ጾም ነውና ከቅዳሴ በኋላ ወንበሩን ደረደርሁ። አባ ወልደ ጻድቅ ሊባርኩ መጡ። ሌላ ሰው የለም። ጀንበር ወደ ሐይቁ አዘቀዘቀች።

"እንባርክ ይሆን?"

"ጥቂት እንጠብቅ አባ።"

ኮቴ ሰማሁ። ፀሐይወርቅ። ጥቁር ለብሳ ከበሩ ቆመች።

"ጋሽ አዘዘ፣ የአለበል ቦታ የቱ ነው?"

አሳየኋት። ተቀመጠች። አባ ጸሎት አድርሰው ድፎውን ቆረሱ። ጠላ ልቀዳላት ስል "ውኃ ይስጡኝ" አለች። ቀዳሁላት። ለራሴም ውኃ ቀዳሁ።

ልትሄድ ስትነሣ "ጽዋውስ?" አለችኝ።

"ተራው የሀዲስ ነበር። አልመጣም።"

"እንግዲያ እኔ ልውሰደው። ሚያዝያን ከኔ ቤት ይጠጡ። የአለበልን ቤት አንገባም ይሉ እንደሆን አያለሁ።"

ከነነጠላው ሰጠኋት። የብርጓል ነጠላ አብሮ ሄደ። ራስጌዬ ባዶ ሆነ።

የተረፈውን ዳቦ ለነዳያን አደረስሁ። የአምሐን ድርሻ ግን በሰፌድ ሸፍኜ አስቀምጫለሁ። የቀረ ማኅበርተኛ ድርሻው ይላክለታል እንጂ አይበላበትም። ነገ ራሴ አደርስለታለሁ። የለም ካሉኝ... ከጫማው አጠገብ አኑሬው እመለሳለሁ።