ሚዜዎችህ ያውቁ ነበር

ውዴ መስፍን፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። እስከ ዛሬ የማወራህ መቃብርህ ላይ ነበር። አበባውን አስተካክዬ፣ ድንጋዩን በመሐረብ ጠርጌ፣ የቤቱን ወሬ በለሆሳስ ነግሬህ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን መቃብር ቦታ የማይባል ነገር ስላለኝ ቤት ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። ተቆጥቻለሁ መስፍኔ። በሕይወት ብትኖር በር ዘግቼ የምጣላህ ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ፤ እየተጣላሁህም ቢሆን መስማት ትፈልጋለህ። ሄለን በቁመት በልጣኛለች። ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች፤ ያንተን ረጅም ቅልጥም ነው የወረሰችው። ሜዳሊያዎቿን የሆቴሉ የሹፌርነት ዩኒፎርምህ የተሰቀለበት መስቀያ ላይ ታንጠለጥላቸዋለች፣ እኔም አላነሣቸውም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አንተ በጨርቅ እንዳሰርከው አለ፤ አሁንም ያንጠባጥባል። ሶፋው መስኮቱ ሥር ነው፣ አንተና ካሳሁን ያስቀመጣችሁበት ቦታ። ስለ ሶፋው ኋላ እመለስበታለሁ።

እሑድ እሑድ ፌርፋክስ፣ የሐበሾቹ ምግብ ቤት ያለበት መንገድ፣ መሄዴን አልተውኩም ነበር። ትዝ ይልሃል አይደል፣ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ቡድን ወደ ከተማችን የመጣ ሰሞን መንገዱ ሁሉ የእንግሊዝን ኳስ ሲያይ፣ አንተ እትዬ ሙሉን ለምነህ ከምግብ ቤታቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች አንዱን ለፉትቦሉ ወሰድክ። ሰው ሳቀብህ። ይኼ ደግሞ ኳስ ነው እንዴ፣ ተጋጭቶ መውደቅ ነው አሉህ። አንተ ደግሞ በገዛ ቋንቋህ አስረዳሃቸው። ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ «ሙሽራው» አልከው፤ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ሁሉም የሚሳሳለት እሱ ነው። ከፊቱ ተሰልፈው ተጋጣሚውን የሚያግዱትን አምስት ግዙፎች ደግሞ «ሚዜዎች» አልካቸው። ሙሽራው ሊወረውር ሲዞር ጀርባው ይጋለጣል፤ ያንን የማያየውን ጎን የሚጠብቅለት አንደኛ ሚዜው ነው። ሠርግ የማያውቅ ሐበሻ የለምና ጨዋታው በአንድ ቀን ገባን።

እኔንም ያስተማርከኝ እንደዚያው ነው። ኳሱን አትይ፣ ኳሱን ሁሉም ያየዋል፣ አንቺ ሚዜዎቹን እይ፣ ሙሽራው ምን እንደሚደርስበት የሚታወቀው እነሱ ላይ ነው አልከኝ። አየሁ፤ ጎበዝም ሆንኩ። ጠረጴዛህ ላይ የራስህ ሚዜዎች ነበሩህ። በሠርጋችን በእውነትም አንደኛ ሚዜህ የነበረው፣ ዛሬ ፓርኪንግ የሚሠራው ካሳሁን፤ ባለታክሲው ዳዊት፤ ከምግብ ቤቱ ጎን ሱቅ ያላቸው ሁለቱ ወንድማማቾች። አራት ናቸው። አምስተኛዋ አንቺ ነሽ ትለኝ ነበር። ሰው ፊት ስትለው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

አሁን ወደ ጸቡ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ሙሽራውን ጣሉት። የጨዋታው ወራት ከተጀመረ ወዲህ ሚዜዎቹ ወንፊት ሆነው ነበር የከረሙት፤ የመጣው ሁሉ እያለፋቸው ነው። የዚያን ቀን አንደኛ ሚዜው ተንሸራቶ ይሁን ተዘናግቶ፣ አንድ ግዙፍ ሰው በጎኑ አልፎት ሄደና ልጁን ከኋላው መጥቶ ጣለው። ልጁ አልተነሣም። በጋሪ ጭነው ሲያወጡት ጠረጴዛችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት ሁሉም የራሱን ጥፋተኛ ፈለገ። ታላቅየው ወንድም አሠልጣኙን ረገመ፣ ታናሽየው ደህና ሚዜ የማይገዛውን የቡድኑን ባለቤት። ዳዊት ሚዜዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ የማይነገር ስድብ ሰደበ። እትዬ ሙሉ እንኳ፣ ጨዋታው ዛሬም ድረስ ያልገባቸው፣ «እናቱ ይኼን ታይ ይሆን» እያሉ ተከዙ።

ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያወራው ሰው ልጁ ድሮውንም ጉልበቱን ታሞ እንደነበር፣ ቡድኑም እያወቀ ደብቆ ሲያሰልፈው እንደከረመ ተናገረ። በእሳት ላይ ጋዝ ሆነ። ዳዊት ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ሶ ያውቁ ነበር? እኛን ደጋፊዎቹን እያታለሉ ነው እያመመው ፕሌይ የሚያስደርጉት? እኛ እንኳ የመስፍንን ልብ ዝም ያልነው ራሱ ስላስማለን ነው፤ እነዚህን ማን አስማላቸው?» አለ።

ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ዳዊት ሁለቱም ደርሶበታል። አሁን እቀልዳለሁ። ያኔ ግን ወደ ዳዊት ዞርኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ሙሉ የያዙትን ሰሃን መልሰው ይዘው ገቡ። ካሳሁን ማስታወቂያ በሚያሳየው ቴሌቪዥን ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ኳሱን ትቼ ሚዜዎቹን አየሁ፤ እንዳስተማርከኝ። ከፊታቸው ሁሉንም አነበብኩት።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ካሳሁንን ጠየቅሁት። ከመሞትህ ዓመት ቀደም ብሎ ነው አለኝ። ሐኪሙ የልብህ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሯል ብሎህ ነበር። ሥራ ቀንስ፣ ከባድ አታንሣ፣ ክትትል አታቋርጥ ብሎህ ነበር። ወደ ሐኪም ድራይቭ የሚያደርግህ ካሳሁን ነበር፤ ለእኔ፣ የሆቴሉን ቫን ለሰርቪስ ጋራዥ ወስጄ ነው ያልከኝ ቀኖች እነዚያ ናቸው። አራቱንም በሚካኤል አስምለሃቸዋል። ጽጌ ትጨነቃለች ብለህ።

መስፍኔ፣ ለቅሶህ ላይ ማን ከጎኔ እንደተቀመጠ ታውቃለህ? የመጣው ሰው ሁሉ ምን አግኝቶት ነው ሲል፣ እኔ ድንገት ነው፣ ሥራ ቦታው ቫኑን እንዳቆመ ነው እል ነበር። ካሳሁን ከአጠገቤ «ማን አወቀ» ይል ነበር። ማን አወቀ፣ እየደጋገመ። ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ በገዛ ባሌ ለቅሶ ላይ የማላውቀውን ሳወራ፣ የሚያውቁት ከበውኝ ተቀምጠው አጽናኑኝ። ይኼንን እንዴት አድርጌ ልዋጠው?

አሁን ወደ ሶፋው፤ ያስገባችሁበትን ቀን አስታውስ። ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ካሳሁን እየተሽቀዳደመ ያንተን ወገን ሊይዝ ሲል፣ «አንተ በሩን ያዝ፣ እኔና ሌላ ሰው እናወጣዋለን» ሲልህ፣ እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ «ምነው፣ ሙሽራ ነው እንዴ?» ብዬ ተረብኩት። አንተ ሳቅህ። ጎንበስ ብለህ ወገንህን ያዝክና እስከ ላይ ድረስ ይዘኸው ወጣህ። የካሳሁን ፊት ጠቁሮ ነበር፤ ከብዶት መስሎኝ ውኃ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሞትክ። ሐኪሞቹ ልቡ ድንገት ቆመ እንጂ ከሶፋው ነው አላሉም፣ እኔም አልልም። ግን እያወቅህ እንዴት አስቀለድከኝ? አንድ ቃል ብትነግረኝ ያ ሶፋ መንገድ ዳር ይቅር አልነበር? ዛሬ ሰው ሲመጣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ወንበር አመጣለሁ።

ልትጠብቀኝ ፈልገህ ነው፣ ይኼ ጠፍቶኝ አይደለም። በጭንቀት እንቅልፍ እንደማጣ ታውቃለህ። ግን ሚዜ ሙሽራውን ከተጋጣሚ ነው የሚጠብቀው፤ ከሙሽሪት አይጠብቀውም። አንተ አራቱን ወንዶች በእኔና በአንተ መካከል አቆምካቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል እየሰማሁ፣ ለካ እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። አምስተኛዋ አንቺ ነሽ ያልከኝስ ለምን ነበር?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያ ያንተ ገላ ነውና እሺ ልበል። የባሰው ሌላ ነው። ሐኪሙ ስለ ልጃችን ምን አለ ብዬ ካሳሁንን ጠየቅሁት። ይኼ ሕመም በዘር ይተላለፋል፣ ልጅህን አሳያት ብሎህ እንደነበር ነገረኝ። አንተም ትንሽ ትደግ፣ አሁን አናስደንግጣት ብለህ ነበር። አንተ ከሞትክ በኋላስ እሱ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ለቅሶው ይብረድ አልኩ፣ ቀጥሎ አርባው ይውጣ አልኩ፣ ከዚያ ሙት ዓመቱ ይለፍ አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ግን አፈርኩ አለኝ። ያ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። አላዘንኩለትም።

ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ከትምህርት በኋላ ትሮጥ ነበር። እኔ ከመስመሩ ዳር ቆሜ በርቺ እላት ነበር። በዚያች ሰዓት ጠላሁህ መስፍን። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ ግን ወቀስኩህ፣ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ።

ለሄለን የነገርኳት ሐኪም ጋ ከመግባታችን በፊት ነው፣ መኪናውን ፓርክ አድርጌ። በእሷና በእውነቱ መካከል ሰው ላቆም አልፈለግሁም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ልቧ አልነበረም። «አባዬ ለእኔም አልነገረኝም?» ነው ያለችው። አንተ ነህ መመለስ የነበረብህ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይኼንን ጥያቄ ሄለን ሩጫ ልትጀምር ስትመረመርም ተጠይቄ ነበር፤ አንተ በሕይወት እያለህ፣ አንተው አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እኔ የለም ብዬ መለስኩ፣ አንተም ዝም አልክ። ዝም አልክ መስፍን። አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ የጫማህን ክር እያሰርክ ነበር። በዚህኛው ግን «አባቷ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ሐኪሟ ጻፈቻት።

ልቧን በስክሪን አየነው። ይመታል። ጡንቻው ለጊዜው ደህና ነው፣ መሮጥ ትችላለች፣ ግን በየዓመቱ መታየት አለባት አለችን። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሄለን እጄን ይዛ፣ እንደ አሮጊት ደግፋ አወጣችኝ።

ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ ተመለስኩ። ይቅር ስላልኳቸው አይደለም፤ ካሳሁን በየእሑዱ ቤቴ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ሳይደውል ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት ስለሰለቸኝ ነው። ስገባ አራቱም ተነሡ። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ሙሽራው ለወራት አይመለስም፤ ተተኪው ገና ፂም ያልበቀለለት ፈሪ ልጅ ነው፣ ሚዜዎቹም ያው ወንፊት ናቸው። ተሸነፍን። ማንም አልተሳደበም። ስንወጣ ካሳሁን ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ እኔ ልውሰዳችሁ አለኝ። መውሰዱን ውሰደን፣ ግን አብረኸን ትገባለህ፣ ሐኪሟ የምትለውን እኔ በምሰማበት ትሰማለህ አልኩት። እሺ አለኝ።

እንግዲህ ይኼው ነው። ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም፤ ሲወጣልኝ መቃብርህ ላይ መጥቼ እነግርሃለሁ። አልረሳህም፣ አትፍራ። ሳቅህን አልረሳም፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ እያልክ ምግብ ቤቱን ሙሉ ያስተማርክበትን ቀን አልረሳም። የጫማህን ክር ስታስር የነበረበትንም አልረሳም። አርባህን አውጥቻለሁ፣ ሙት ዓመትህንም። የቀረህ ተዝካር ሐኪሟ ጋ ነው። በየዓመቱ ያንኑ ትጠይቀናለች፣ በየዓመቱ ሄለን አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች «አባቷ» እላለሁ።

አምስተኛዋ ሚዜህ፣
ጽጌ