ደሴ አንገት ላይ ያለው ማተብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ጓደኛዬ ደሴ ጅቡቲ ሄዶ ጠላቂዎችን የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ሥራ ካገኘ ወዲህ፣ እናቱ እትዬ ብርቄ እሱ ራሱ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ የተቀረጸውን ቪዲዮ በስልካቸው ይዘው ሰፈሩን እየዞሩ ነው። ዛሬ ባጃጅ ሳጥብ መጡብኝ።

"ና እስኪ፣ ጓደኛህን እየው።"

አየሁት። አየር በጀርባው ተሸክሞ በሰመጠ መርከብ መስኮት ይገባል። ዓሣዎቹ ጥሬ እንደተበተነላቸው ዶሮዎች ይከተሉታል። ርብ ወንዝ ላይ ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሊሰምጥ ሲል በፀጉሩ ጎትቼ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

"እንዲህ የሚዋኝ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ያን የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ እግሩ ላይ ካሰሩለትማ በሬም ይዋኛል" አልኳቸው።

እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ከዚያ ቪዲዮውን ደግመው ሲከፍቱት፣ ደሴ መርከቡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሲያማትብ አየሁ። አንገቱ ላይ ያለው ክር ውሃው ውስጥ ተንሳፈፈ። ጫፉን በክብሪት ያቃጠልኩት የራሴ ማተብ ነው። የሄደ ቀን መናኸሪያ ላይ የሱ ቢበጠስበት ፈትቼ ያሰርኩለት።

አሁን ደግሞ "ና፣ ሥራ አለ፣ ላናግርልህ" ብሎ ጽፎልኛል። "መጀመሪያ ማተቤን መልስ" ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። እስካሁን አልመለስኩለትም። ክሬ እንኳ ከእኔ ቀድሞ ባሕር አየ።